«አይለወጥም» እስከ መቼ ነው?

ባለፈው ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የካ አባዶ፣ ከእኛ ብሎክ ሥር ጀሪካን ደርድረን የውሃ ተራ እንጠብቃለን። ግራውንድ ላይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በደባልነት የምትኖር ልጅ ከሰልፉ ወጣ ብላ ወደ እኔ መጣች። ከሰላምታ በቀር ወሬ ኖሮን አያውቅም። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አውጥታ ዘረጋችልኝ። እጥፋቱ ላይ ፊደሉ ለቋል፤ ክቡ ማኅተም ግን ደምቆ ይታያል።

«ጋሼ፣ ይቺን ወደ አማርኛ የመለሷት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

አየኋት። የእኔ ናት። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ጣቷን ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ አሳረፈች። «እሺ፣ እዚህ ጋ አይለወጥም ይላል። አይለወጥም ማለት እስከ መቼ ነው?»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትምህርቱ እንዳልገባው ተማሪ በእርጋታ ነው የጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ተራዬ ደርሶ ከኋላዬ ያሉት «ጋሼ፣ ጀሪካን!» እስኪሉኝ ድረስ ወረቀቷን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ብሎክ አልፎ የሚኖር፣ አንድ ፋብሪካ ሰው ሀብት ክፍል የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ሚያዝያ ላይ ገጽ የማይሞላ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ላከልኝና «እስከ ማታ አድርስልኝ» አለኝ። የፈረቃ ሰዓት ሊሸጋሸግ ነው፤ የጠዋቶቹ በግማሽ ሰዓት ቀድመው ይገባሉ፣ የምሳ እረፍትም ያጥራል። ከታች አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ዘ ትራንስፖርት ሰርቪስ ዊል ሪሜይን ዘ ሴም»። ብዙም አላሰብኩባት። «የሰርቪስ አገልግሎቱ አይለወጥም» ብዬ ጻፍኩና ላኩ። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ የትርጉም ሽታ የለውም። እንዲያውም ወድጄው ነበር።

ልጅቷ ያኔ ቤት ልትለቅ አስባለች። ፋብሪካው አጠገብ ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር ክፍል አግኝታ፣ ቀብድ ልትከፍል አንድ ቀን ሲቀራት ማስታወቂያው ተለጠፈ። ሰርቪሱ የሚቆምበት ቦታ ከደጃችን መቶ እርምጃ አይሞላም። እሱ ካልተለወጠ ለምን እሄዳለሁ ብላ ለአከራይዋ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈለች። በስልኳ ፎቶ ማንሳቱ አልበቃት ብሎ ከቢሮ አንድ ኮፒ ለምና ወሰደች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል አይደል የሚባለው።

በስድስተኛው ሳምንት ሰርቪሱ ከአያት መመለስ ጀመረ። ወደ አባዶ አይገባም። አሁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ከቤት ትወጣለች። በዚያ ሰዓት እዚህ ታክሲ አይታሰብም። ባጃጅ ከተገኘ በኮንትራት ነው፤ ካልተገኘ ጓደኛ ጠብቆ በእግር ነው። ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች የዚያን ሰዓት ጨለማ እናውቀዋለን። ከጫካው በኩል የጅብ ድምፅ ይሰማል።

ውሃ ሽቅብ አይፈስም

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኦሪጅናሉን አወጣሁና ከትርጉሜ ጎን አስቀመጥኩት። ቃል በቃል ካየነው ስህተት የለበትም። «ሪሜይን ዘ ሴም» ማለት እንደዚያው መሆን፣ አለመለወጥ ነው። ማንም አራሚ ቢያየው አያሰምርበትም። ግን የልጅቷ ጥያቄ ልክ ነው፤ ጥያቄው ልክ ከሆነ ደግሞ ዓረፍተ ነገሬ የሆነ ነገር ጎድሎታል።

የጎደለውን ለማግኘት ከራሴ ቋንቋ ነው የጀመርኩት። «አይለወጥም» የሚለው ግስ በአማርኛ ምን ምን ይሠራል? «ውሃ ሽቅብ አይፈስም» ስንል የተፈጥሮን ሕግ እንናገራለን። «እሱ ጫት አይቅምም» ስንል ልማዱን እንናገራለን። «ነገ አይመጣም» ስንል ስለ ወደፊቱ እናወራለን። «አልከዳሽም» ስንል ቃል እየገባን ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ግስ ናቸው። የግሱ መልክ ተፈጥሮን፣ ልማድን፣ ነገንና ቃል ኪዳንን አይለይም፤ የቱ እንደሆነ የምናውቀው ከተናጋሪውና ከሁኔታው ነው። አዎንታውም ያው ነው። «ሰርቪሱ 11 ሰዓት ይነሳል» ቢባል፣ ሁልጊዜ ነው ወይስ ነገ? ሁለቱንም ነው። ሁልጊዜ የሆነው ነገም ይሆናል የሚለው እምነት ግሱ ውስጥ ተሰፍቷል። የሚያምር ነገር ነው፤ ለማስታወቂያ ግን አደገኛ ነው።

እንግሊዝኛ እነዚህን ይነጣጥላል። ተፈጥሮና ልማድ በአሁን ጊዜ ግስ ይነገራሉ፤ ትንበያና ቃል መግባት ብዙውን ጊዜ «ዊል»ን ይፈልጋሉ፤ አስቀድሞ የታሰበው ነገር «ጎይንግ ቱ» የሚባል የራሱ አነጋገር አለው። «ዊል» ራሷ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ፈለገ» ማለት ነበረች፤ የወደፊቱን ጊዜ የሚናገሩት ፈቃድን ከሚናገር ቃል ቆርጠው ነው። በእርግጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪውም «ዊል»ን ሲሰማ ተስፋ ይሁን ትንበያ ግራ የሚጋባበት ጊዜ አለ። ማስታወቂያ ላይ «ዊል ሪሜይን» ሲያነብ ግን የሚጠብቀው ብዙ አይደለም። ቢሮ ለቢሮ ሲጽፍ የኖረ አነጋገር ነው፤ ክብደቱን ያውቀዋል።

እኔ ይህን ቀላል ነገር ወስጄ፣ ውሃ ሽቅብ አይፈስም በምንልበት ግስ፣ ከማኅተም በላይ አስቀመጥኩት። ያነበበችው ሴት ደግሞ በዚያ ግስ ያደገች ናት።

የረጋ

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የእንግሊዝኛን የመቆየት ቃላት ስለቅም ከረምኩ። ቁጥራቸው ያስገርማል፤ የሚያስገርመው ግን እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ነው። «ስቲል» የምንላት፣ «አሁንም» ብለን የምንተረጉማት ቃል፣ መነሻዋ «የማይንቀሳቀስ፣ ጸጥ ያለ» ማለት ነው። ዛሬም ስለ ውሃ ሲነገር የረጋ ውሃ ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊው «አሁንም እዚህ ነኝ» ሲል ከሥሩ «ረግቼ እዚህ ነኝ» እያለ ነው። (የእኛም «ረጋ» ወተቱን እርጎ ያደረገ ግስ ነው፤ መርጋት ለእኛ መለወጥም ነው።) «ስቴይ» ከላቲኑ «መቆም» ትወለዳለች። «ኪፕ» መያዝና መጠበቅ ነበረች። «ኮንቲኒው» አንድ ላይ አያይዞ መያዝ። ቆመ፣ ያዘ፣ ረጋ፤ በሙሉ የአካል ሥራ ናቸው። አንድ ነገር እንደነበረ እንዲቀጥል አንዱ ረግቶ መቆም ወይም አጥብቆ መያዝ አለበት የሚል ስሜት ከሥራቸው አለ።

ሌላው የያዘኝ ነገር ቃላቱ የሚጠብቁትን ነገር መግለጣቸው ነው። «ኖት ዬት» (ገና ነው) ያለ ሰው ለውጡ መምጣቱ አይቀርም ብሎ ይጠብቃል። «ኖ ሎንገር» (ከእንግዲህ የለም) ያለ ሰው ነገሩ እንደነበረ ይቀጥላል ብሎ ነበር። «ስቲል» ያለ ሰው ደግሞ እስካሁን ማብቃት ነበረበት ብሎ ሲያስብ ቆይቷል። አማርኛም ይህን ያውቃል። «ገና ነው» የምንለው ይመጣል ብለን ነው፤ «አሁንም?» ስንል ድምፃችን ከፍ የሚለው ያልጠበቅነው ስለሆነ ነው። «ከርሞ ጥጃ» የሚለውን ስድብ አስቡት። ጥጃ ሲከርም ወይፈን ወይም ጊደር መሆን ነበረበት፤ ጥፋቱ እንዳለ መቆየቱ ነው። እንግሊዝኛው «ዘ ሴም» ሲል እፎይ ይላል፤ «ከርሞ ጥጃ» ግን እንዳለ መቆየት ሁሉ መልካም እንዳልሆነ ይመሰክራል።

መዝገበ ቃላት «ሪሜይን» ለሚለው መጀመሪያ የሚሰጠው «ቀረ» ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። «ቀረ» በአማርኛ ካሉት ግሶች ሁሉ የሚከብደኝ ነው። ሦስት እንጀራ ቀረ ስንል አለ ማለት ነው። ስብሰባው ቀረ ስንል የለም ማለት ነው። አረብ አገር ሄዳ እዚያው ቀረች ስንል፣ ለዚያ አገር ኖረች፣ ለእኛ ጠፋች። በሒሳብ ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ነው፤ ከትምህርት ቤት የጠፋው ልጅም ቀሪ ነው፣ መምህሩ ስሙ ላይ ምልክት ያደርጋል። እንግሊዝኛውም ከሥሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ቃሉ ከላቲን ሲመጣ ወደ ኋላ መቆየት ማለት ነበር፤ ከዚያው ግንድ የወጣው ስም ዛሬ አስከሬንን ይጠራል። ሰው ሲሄድ ከኋላ የሚገኘው ማለት ነው።

መዝገበ ቃላቱን አምኜ «ሰርቪሱ ይቀራል» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ልጅቷ ያን ዕለት ቀብዷን ከፍላ ትሄድ ነበር። ይህን ሳስብ ደረቴ ይጨንቀኛል። ያ የተሳሳተ ትርጉም ይጠቅማት ነበር፤ ትክክል ያልኩት ነው የጎዳት።

ዘጠነኛ ክፍል

ነገሩ የተገለጠልኝ ከልጄ ደብተር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ፈተና ደርሶባት የኒውተንን አንደኛ ሕግ ጮክ ብላ ትሸመድዳለች። በረፍት ላይ ያለ አካል በረፍቱ ይቀጥላል፣ የሚንቀሳቀሰውም ቀጥ ባለ መስመር በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። እዚህ ላይ ትደርስና ትንፋሽ ወስዳ «አንለስ» ትላለች። «አንለስ»፣ ከውጭ ኃይል ካልገጠመው በቀር። ደጋግማ ስትለው ጆሮዬ ላይ የቀረችው «አንለስ» ብቻ ናት።

ኒውተን ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1687 ሲያሳትመው በላቲን ነበር፤ ያም ቢሆን ግማሹ ሕግ «ካልሆነ በቀር» ነው። ነገሩ ባለበት ይቀጥላል የሚለው ብቻውን ሕግ አይሆንም። የሚገፋው እስኪመጣ ነው የሚቀጥለው፤ እየመጣ እንደሆነ ደግሞ ያ አካል ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ያኔ ገባኝ። የቢሮ እንግሊዝኛም «ሪሜይን» ባለ ቁጥር ከኋላው «አንለስ» አለች። አንዳንዴ ትጻፋለች፤ «አንለስ አዘርዋይዝ ስቴትድ» (ሌላ ካልተገለጸ በቀር)፣ «አንቲል ፈርዘር ኖቲስ» (ሌላ ማስታወቂያ እስኪወጣ)። አብዛኛውን ጊዜ ግን አትጻፍም። በቋንቋው የኖረ ያነባታል፤ ሳያያት ያነባታል። የውል ትርጉም የምንሠራ ሰዎች ይህን በደንብ የቀመስነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ «ዋጋው ሳይለወጥ ይቆያል» የሚሉ ስንት ውሎች ተመዘዙ። ከዚያ ወዲህ በእጄ የሚያልፉ ውሎች ላይ «አንለስ» በዝታለች። ያኔ ይህን ሁሉ አይቼ፣ በዓመቱ የአንዲት ልጅ ኪራይ የተንጠለጠለበት ማስታወቂያ ላይ ረሳሁት። ለነጋዴዎቹ ውል የሰጠሁትን ጥንቃቄ ለእሷ ወረቀት አልሰጠሁም። ገጽ አይሞላማ፤ እስከ ማታ ይድረስ ተብሏላ።

ወዳጄ ምን አለ?

ለወዳጄ ደወልኩለት። ወቀሳ አልያዝኩም፤ መጠየቅ ብቻ ነው የፈለግኩት። «ያን ዕለት «ሪሜይን ዘ ሴም» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነበር?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ሰዓቱን ስንቀይር ሰርቪሱን አልነካነውም ለማለት ነው እንጂ» አለኝ። «ስለ ወደፊቱ ማን አሰበ?»

ስልኩን ዘግቼ ይህችን መልስ ደብተሬ ላይ ጻፍኳት። «አልነካነውም»። የማስታወቂያው «ሪሜይን» ስለ ነገ የሚናገር ይመስላል እንጂ ስለ ዛሬው ወረቀት ነው የሚናገረው፤ ይህ ለውጥ እስከዚህ ድረስ ነው፣ ከዚህ አይሻገርም እያለ ነው። «ይህ ማስታወቂያ የሰርቪስ አገልግሎቱን አይመለከትም» ብዬ ብጽፈው ልክ ነበር። «እስካሁን የተለወጠ ነገር የለም» ብለውም ያስኬዳል። የሕግ አማርኛችን «እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል አነጋገር አበጅቶ የኖረው ለዚሁ ነው። እነዚህን ብታነብ ልጅቷ ኪራይ ከመክፈሏ በፊት ቢሮ ሄዳ ትጠይቅ ነበር። «አይለወጥም» ግን የሚያስጠይቅ ቃል አይደለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ወዳጄ ስለ መንገዱ አለቆቹን አነጋግሮ ነበር፤ አልሆነም።

ወረድኩና ነገርኳት። ደረጃው ሥር ልብስ ታጥባለች። ጥፋቱ የእኔ ቃል እንደሆነ፣ እንግሊዝኛው ቃል እንዳልገባ፣ እኔ ግን በአማርኛ ቃል እንደገባሁባት ነገርኳት። ይቅርታም ጠየቅኳት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሰማችኝ። «እኔ እኮ የገረመኝ» አለች፣ «ሰው እንኳን አይለወጥም ሲባል እስከዚህ ጊዜ ይባላል።»

ይህ አባባሏ አልለቀቀኝም። እውነቷን ነው። አማርኛ መቆየትን ያለ ልክ አይተወውም። ቀኑን የቆየ ዋለ፣ ምሽቱን አመሸ፣ ሌሊቱን አደረ። ቀናት ሲደራረቡ ሰነበተ። በጋውን ባጀ፤ ክረምቱን ከረመ። ስንለያይ «ደህና ዋሉ፣ ደህና እደሩ፣ ደህና ሰንብቱ» የምንለው እስከዚያ ድረስ እንደዛሬው ሁኑ ብለን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እንደገና ስንገናኝ እንጠይቃለን። ለዓመት በዓልም «ለከርሞ ያድርሰን» ነው፤ ከከርሞ ያለፈውን ማንም አይለምንም። ከዚህ ሁሉ ልክ ካለው ግስ መካከል ልክ የሌለውን መርጬ ሰጠኋት። እሷ ደግሞ የቋንቋውን ልማድ ይዛ ልኩን ጠየቀችኝ።

ሐምሌ ላይ የከፈለችው ኪራይ አለቀ። ፍራሿንና ሁለት ማዳበሪያ ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ስትጭን ወርጄ አገዝኳት። ዝናቡ ሊመጣ ነው፤ በአያት በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የልብስ ማዳበሪያዋን አፍ ስታስር ወረቀቷን አየኋት፣ ከጎን ገብታለች፤ አልጣለቻትም። ስልክ ተቀያየርን።

«ደህና ይክረሙ ጋሼ» አለችኝ።

«ደህና ክረሚ።»

መስከረም አጋማሽ ላይ ወዳጄ ሌላ ማስታወቂያ ላከልኝ። የካፍቴሪያው አቀራረብ ሊሻሻል ነው። ከታች ያቺው ዓረፍተ ነገር መጣች፦ የምሳ ዋጋ «ዊል ሪሜይን ዘ ሴም»። ሳልጽፍ ደወልኩ። «እስከ መቼ?» አልኩት። «ማለት?» አለኝ። «በአማርኛ እስከ መቼ ካልተባለ እስከ ዘላለም ነው» አልኩት። አለቆቹን ጠይቆ በሁለተኛው ቀን መለሰልኝ፤ ከምግብ አቅራቢው ጋር ያለው ውል የሚያልቀው በፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «የምሳ ዋጋ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ድረስ በነበረበት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ያለው በሌላ ማስታወቂያ ይገለጻል።» ከእንግሊዝኛው ሁለት እጥፍ ይረዝማል።

በማግሥቱ ማታ በቴሌግራም ፎቶ ደረሰኝ። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው፤ አንድ ጣት ቀኑ ላይ አርፏል። ከሥሩ «ጋሼ፣ ታኅሣሥ 22 ቀኑ ምንድን ነው?» ይላል።

ካላንደር አየሁና ረቡዕ ነው አልኳት።